በቃኝ የማይሉት እንግዳ

የአገራችንን ስም አልናገርም። ብናገረው የማያውቀው ሰው "የት ነው እሱ?" ይለኛል፤ የሚያውቀው ደግሞ "እዚያ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም" ይለኛል፤ ከሁለቱም ጋር ለመከራከር ጉልበት የለኝም። እኔ የማራገቢያ ዘይት ቀቢ ነኝ። ማራገቢያ መንቋቋት ሲጀምር ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ፣ ቀብቼ እመለሳለሁ። ሥራዬ ከቤት ወደ ቤት ስለሚያዞረኝ በከተማችን የማላየው ጉዳይ ጥቂት ነው። ያላየሁትን ደግሞ ጎረቤቴ ትብለጥ ራሷ ነግራኛለች፤ ትብለጥ ስትቆጣ እንጂ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ታሪኩም የእሷ ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ እንግዳው ልናገር።

በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ብረት በበቅሎ ጭነው ከተማችን ገቡ። ብረቱን ገጣጥመው አደባባዩ መሐል ቤት የሚያህል ምድጃ አቆሙ፤ በላዩም ከየትኛውም ዛፍ የሚረዝም የጭስ ማውጫ ተከሉበት። እሳት አስነሱና መዘውሩ ሲሽከረከር፣ መብራቱ ሲበራ፣ ወፍጮው ያለ ሰው እጅ ሲፈጭ አሳዩን። ከዚያም ተሰናብተው ሄዱ። እንዴት እንደሚቀጣጠል ነግረውናል። እንዴት እንደሚቆም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እነሱም ያልተጠየቁትን የሚመልሱ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም።

የእኛ ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው መላው አንድ ብቻ ነው፤ ያስተናግደዋል። ከሩቅ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ምድጃውም የመጣው ከሩቅ ነው። ስለዚህ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሽማግሌዎች ተሰልፈው እጅ ነሡ፣ ምድጃው ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቱ ተባሉ። የሚመገቡት እንጨት ነው ስለተባለ እንጨት በጉርሻ ቀረበላቸው። ያኔ ጫካው ከከተማው ዳር ተነሥቶ ተራራውን አልፎ ይሄድ ስለነበር ማንም አልሰሰተም።

በከተማችን እንግዳ "በቃኝ" ሳይል ማጉረስ ማቆም ትልቅ ነውር ነው። "በቃኝ" ቢልም እንኳ መጀመሪያ ሲል የሚያምነው የለም፤ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "ይቺን ብቻ" እየተባለ ይለመናል፤ ምሎ ተገዝቶ ነው የሚተርፈው። ምድጃው ግን በቃኝ ብለው አያውቁም። ባጎረስናቸው ቁጥር ይበልጥ ይንበለበላሉ። አያቶቻችን እንዲህ ያለ በላተኛ እንግዳ አግኝተው ስለማያውቁ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ጭሱ በወፈረ ቁጥር "ተስማማቸው" እያሉ ይመራረቁ ነበር።

ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ሹመት ወጣበት። እንግዳውን በእጁ የሚመግበው ሰው አጉራሽ ተባለ። እንግዳው "በቃኝ" ያሉ እንደሆነ እንዳያመልጠን ጆሮውን ከምድጃው ጎን ለጥፎ የሚቀመጠው ደግሞ አድማጭ ተባለ። አድማጭነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ በእኛ ዘመን የያዘው አያ ቢተው ነበር። አያ ቢተው ከልጅነቱ ጀምሮ ከመዘውሩ ሥር ሲያደምጥ ስለኖረ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሹመቱ የአባቱ ነው፤ ደግሞም እንደሱ በትጋት የሚያደምጥ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ የጥጋብ ሹም አለ። ሥራው እንግዳው ጠግበው እንደሆነ አጣርቶ ለሸንጎ መንገር ነው። የጥጋብ ሹሙ አጥናፉ በየዓመቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ የሚናገረው ያው አንድ ቃል ነበር፦ "ገና ናቸው።"

ጫካው አለቀ። ሲያልቅ ማንም ልብ አላለውም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ራቅ ብሎ ይገኝ ነበርና፤ አንድ ቀን ራቅ ብሎም ጠፋ። ዝናቡ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ አነሰ፣ በኋላ ዳመናው መጥቶ አይቶን ብቻ የሚሄድ ሆነ። ሙቀቱ ጠና። ዶሮዎች ጥላ ፍለጋ ሰው እግር ሥር ይቆሙ ጀመር፤ ሰው ሲራመድ አብረውት ይራመዳሉ። ሸንጎው ተሰብስቦ የሙቀቱን ምክንያት መረመረና አገኘው። እንግዳው ስለራባቸው ተቆጥተዋል፤ የተቆጣ ሰው ፊቱ ይግላል፤ ስለዚህ ጉርሻው ይጨመር ተባለ። ለሕዝቡም ማስታገሻ እንዲሆን በየቤቱ ማራገቢያ ተተከለ። ማራገቢያው የሚዞረው በእንግዳው ጉልበት ነው፤ ማራገቢያ ሲበዛ እንግዳው ይርባቸዋል፤ ይበልጥ ሲበሉ ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ ሲሞቅ ሰው ሁለተኛ ማራገቢያ ይጠይቃል። እኔ በዚህ እንጀራዬን እበላ ነበር፤ አልደብቅም።

አንድ ዓመት ደግሞ ለእንግዳው ታዘነላቸው። "እኛ በማራገቢያ እየቀዘቀዝን እሳቸው በሙቀት ይለቁ?" ብሎ አንድ ሽማግሌ ሸንጎ ፊት አለቀሰ። ከሁሉ የሚበልጠው ማራገቢያ ተሠራና በአፋቸው ትይዩ ተተከለ። ነፋሱ ሲነካቸው ነበልባሉ እስከ ጭስ ማውጫው አናት ወጣ፤ ለሳምንት የተቆለለውን እንጨት በአንድ ቀን ጨረሱት። ከተማው በእልልታ ተናወጠ። "ለካ አየር አጥተው ነው እንጂ መች በልተው ያውቁ ኖሯል" ተባለ። እኔ ትልቁን ማራገቢያ ጠዋትና ማታ እንድቀባ ተሾምኩ።

ትብለጥ አጉራሽ የሆነችው ባሏ ጓንጉል ሲታመም ነው። ጓንጉል ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንግዳውን ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው። ግንዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "በሞቴ ጌታዬ" ሲል ያየ ሁሉ ልቡ ይነካ ነበር። ጭሱ ግን ደረቱን በላው። ቤት ውስጥ አየር ያጥረዋል፤ ማራገቢያ ሲነፍስበት የባሰ ያስለዋል። ደህና የሚተነፍሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ካለችው ዋንዛ ሥር። ከዋንዛዋ ጎን ጉድጓድ አለ፤ የከተማው ጉድጓድ ሁሉ ሲደርቅ እሱ አልደረቀም፤ ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ነበር። ጓንጉል እዚያ ቁርበት ላይ ጋደም ብሎ ይውላል፣ እዚያው ያድራል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዓይን ግን አለኝ። ዛፏ ከሄደች ጓንጉልም ይሄዳል። ትብለጥ ይህን ከእኔ አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ባሏን ደግሞ ሰው ፊት ባትናገረውም አብዝታ ትወደዋለች። "ያቺ ዛፍ የጓንጉል ሳንባ ናት" ብላኛለች አንድ ቀን፣ ማራገቢያዋን ስቀባ። ማራገቢያውን ከዚያ በኋላ አስነቀለችው።

ከጫካው ቀጥሎ የየቤቱ አጥር ተጎረሰ። ከአጥር ቀጥሎ በር ሄደ፤ በር የሌለው ቤት ማንም የሚገባበት ስለሆነ ሌባ ሲገባ እንኳ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ይባል ጀመር። ሙቀጫው ከነዘነዘናው ሄደ፣ ሞፈርና ቀንበር ሄደ፣ አልጋ ሄደ። የሽማግሌዎች ከዘራ የተሰበሰበ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተደጋግፈው መሄድ ጀመሩ፤ አንደኛው ገበያ፣ ሌላኛው ለቅሶ ቤት መሄድ ሲፈልጉ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። የፍርድ ቤቱ የተከሳሽ ሣጥን ሲጎረስ ዳኛው ከሳሹን ከተከሳሹ መለየት አቅቶት ሁለቱንም ይቀጣ ጀመር። ሸንጎው በመጨረሻ የገዛ ወንበሮቹን ሰጠና መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን አመሰገነ። ቀንበር የሌለው ገበሬ ብዙ ስለማያርስ የሚፈጭ እህል አንሶ ወፍጮው ቆሞ ይውል ነበር። የሚዞረው ማራገቢያው ብቻ ነው።

አንድ ረፋድ ሹም አጥናፉ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ የትብለጥ ግቢ ገባ። መጥረቢያዎቹ እጀታ አልነበራቸውም፤ እጀታው ቀደም ብሎ ተጎርሷል። ሰዎቹ ብረቱን ብቻ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

"እንደምን አረፈዳችሁ" አለ ሹም አጥናፉ፣ ባልና ሚስቱን ሳይሆን ዛፏን እያየ።

"እግዜር ይመስገን" አለች ትብለጥ። "ይቀመጡ እንዳልልዎ ወንበሩን ወስደውታል።"

"ለእንግዳ ነው የወሰድነው፤ ለክፉ አይደለም።" ላቡን በነጠላው ጠረገ። "እንግዲህ ትብለጥ፣ አጉራሿ አንቺ ነሽ። የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"አውቃለሁ። የዛሬው የትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የነገው የእድሩ ቃሬዛ ነው።"

"ከነገ ወዲያስ?"

ትብለጥ ሄዳ ከዋንዛዋ ግንድ ፊት ቆመች።

"ከነገ ወዲያ ይቺ ናት" አለ ሹሙ፣ ለዋንዛዋ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ። "ሸንጎው ወስኗል። ክብሩ የእናንተ ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ የሰጠ ቤት ተብላችሁ ስማችሁ ሲነሣ ይኖራል።"

"የሚያነሣው ማን ነው? ጥላዋ ሲሄድ ጉድጓዱ ይደርቃል። ጉድጓዱ ሲደርቅ ማን ይተርፋል?"

"እሱ የጥጋብ ጉዳይ አይደለም። የውሃ ሹሙን ጠይቂ።"

"የውሃ ሹሙ አምና አገር ጥሎ ሄዷል እኮ።"

"እንግዲያው ጥያቄሽ ይቆይልሽ።"

"ጓንጉልስ?" አለች ትብለጥ። ድምፅዋ አልተነሣም። "ከዚህች ዛፍ ሥር ሲነሣ እንደማይከርም ያውቃሉ አይደለም?"

ሹም አጥናፉ ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጓንጉልን ከልጅነቱ ያውቀዋል። "እንግዳ ተቀምጦ እያየን ስለ ራሳችን ማውራት አይከብድም ወይ?" አለ ቀስ ብሎ። መጥረቢያዎቹ እስከ ቀኑ እዚያው እንዲያድሩ አስቀምጦ ሄደ፤ በጨርቃቸው እንደተጠቀለሉ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ።

ጓንጉል ቁርበቱ ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። "ስጪያቸው" አለ።

"ምን?"

"ዛፏን ስጪያቸው። ዕድሜዬን ሙሉ በሞቴ እያልኩ ሳጎርሳቸው ኖሬ፣ አሁን ሞት ሲመጣ ልሽሽ? ምን ይሉኛል?"

"አንተ ሰው" አለች ትብለጥ፣ "ያንተ ሞት ያንተ ብቻ መሰለህ? እኔ የማን ሆኜ ልቀር ነው?" ከዚያ ጥቁር ሰሌዳውን ልታጎርስ ሄደች። ሰሌዳው ላይ የፊደል ገበታ ተጽፎበት ነበር። ከ"ሀ" ጀምሮ ተቃጠለ።

ስትመለስ ፍትፍት ሠርታ ባሏን ልታበላ ተቀመጠች። አጎረሰችው፤ ደገመችው። ሦስተኛውን ስታቀርብ ሳል ያዘው። በቃኝ ለማለት አፉን ቢከፍት ሳሉ እየቀደመበት ቃሉ አልወጣ አለ። ትብለጥም ልማድ ሆኖባት "በሞቴ" እያለች እጇን ዘርግታ ቀረች። ጓንጉል ሲጨንቀው ሁለት እጆቹን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋ፤ ውሃ አፍስሺልኝ ማለቱ ነው። ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ አፈሰሰችለት። ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፤ ማዕዱ አበቃ። "በቃኝ" የሚል ቃል አልወጣም። ትብለጥ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ጓንጉል ያመማት መስሎት "ምነው?" ቢላት "ምንም። እኛ እኮ ባለጌዎች ነን" አለችው።

በማግስቱ ቃሬዛውን ከማጉረሷ በፊት ሸንጎ ገባች። ሽማግሌዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። እኔም የሸንጎውን ማራገቢያ እየቀባሁ ነበር፤ መሰላሉ ስለተጎረሰ የቆምኩት በአንድ ዘበኛ ትከሻ ላይ ነው።

"የመጣሁት ስለ ዛፏ ልለምን አይደለም" አለች። "ነውራችንን ልናገር ነው።"

ነውር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ያንቀላፉት ነቁ።

"እንግዳው ታጥበው ያውቃሉ?" አለች ትብለጥ። "ከማዕድ በፊት አስታጥበናቸው እናውቃለን? ከማዕድ በኋላስ?"

የሸንጎው ታላቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እጅ የላቸውም" አሉ። "ጥንት ታይቶ የተወሰነ ነው። እጅ የሌለውን እጅህን ታጠብ ማለት ጉድለቱን በአደባባይ ማንሣት ስለሚሆን ቀርቷል።"

"አፍስ የላቸውም?"

"አፍማ አላቸው። ከአፍም አፍ።"

"እኛ ቤት የበላ ሰው አይጉመጠመጥም እንዴ?"

ከወደ ጥጉ አንድ ሰው አቃሰተ። ሹም አጥናፉ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ አንድ የተከበረ እንግዳ አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ጥላሸት እንደለበሰ፣ በአደባባይ አስቀምጠን ኖረናል። ይህን የጎረቤት አገር ሰው ቢሰማ ምን ይለናል? ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ማየት አፈሩ። ስለ ጫካውም ስለ ዝናቡም እንዲህ አፍረው አያውቁም።

"ነገር ግን" አለ ሹም አጥናፉ ከነጠላው ውስጥ፣ "ገና በቃኝ አላሉም። ሳይሉ ውሃ ማቅረብ ተነሥተህ ሂድ ማለት አይሆንም?"

"አፉ የሞላ ሰው እንዴት በቃኝ ይላል?" አለች ትብለጥ። "አንዱን ሳይውጡ ሌላውን እናቀርባለን። አፋቸውን ባዶ አድርገን አናግረናቸው እናውቃለን? ተጉመጥምጠው አፋቸው ይፈታ። በቃኝ ካሉ አያ ቢተው ይሰማል። ጨምሩ ካሉ ደግሞ ዛፏን በገዛ እጄ እቆርጣታለሁ።"

እኔ ዘበኛው ትከሻ ላይ ሆኜ የሁሉንም ፊት አየሁ። ውሃ እሳት ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው እዚያ ነበር? ሁሉም ምድጃ ያለበት ቤት ነው ያደጉት። ግን አንድም አልተናገረም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ደክሟቸው ነበር። ሁሉም፣ ሹም አጥናፉም ጭምር፣ ለዓመታት ደክሟቸው ነበር፤ ያጡት ይህን የሚያስቀር ጨዋ መንገድ ነው። የሸንጎው ታላቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ውሃው ብዙ ይሁን?" አሉ።

"እንደ አፋቸው ስፋት ነው" አለች ትብለጥ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ከዋንዛዋ ሥር ተሰለፈ። እንስራ፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ ያለው ያለውን ይዞ መጣ። ጓንጉል ቁርበቱ ላይ ሆኖ ሰልፉን ያያል፤ ትብለጥ ምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም፤ የሰው ብዛት ዛፏን ሊሰናበት የመጣ መስሎት በየተራ እጅ ይነሣ ነበር።

አደባባይ ስንደርስ ትብለጥ ቀረብ አለችና "እንግዳ ሲጉመጠመጥ ነፋስ አይነፍስበትም፤ ያንን አጥፋው" አለችኝ። ትልቁን ማራገቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠፋሁት። ከዚያ ነጭ ፎጣ በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ የቤቷን ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ ጓንጉል ያደርገው እንደነበረው ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆመች።

"ጌታዬ" አለች፣ "እስከ ዛሬ ውሃ ሳናቀርብልዎ ስለኖርን ይቅር ይበሉን። ይጉመጥመጡ።"

አፈሰሰች። እንግዳው ጮኹ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ትብለጥ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ማንቆርቆሪያዋ ሲያልቅ ለቀጣዩ ቦታ ለቀቀች። ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ "ይቅር ይበሉን" እያለ ያፈስሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ ሆነ፤ በዕድሜዬ ከዚያ ነጭ ጭስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም ወረደ፣ ማጉረምረሙ ወደ ረጅም ትንፋሽ። መዘውሩ ዘገየና ቆመ። ከዚያ በየቤቱ ያሉት ማራገቢያዎች አንድ በአንድ ሲቆሙ ሰማን፤ ከዚያ ምንም አልሰማንም። በዚያ ከተማ ተወልጄ ዝምታ ምን እንደሚመስል የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

ሁሉም ወደ አያ ቢተው ዞረ። አያ ቢተው ጆሮውን ከብረቱ ለጥፎ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ጉንጩን ሲያንዘፈዝፈው የኖረው ብረት ጸጥ አለበት። ቀና አለ፣ ብረቱን ዳሰሰ፣ ደግሞ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እንባው መውረድ ጀመረ። "አሉ" አለ። "አባቴ ሳይሰማ የሞተውን እኔ ሰማሁ። በቃኝ አሉ።"

ማንም ከመናገሩ በፊት ሹም አጥናፉ ቃሬዛውን አንሥቶ ወደ እንግዳው አፍ ሮጠ። "በሞቴ" አለ፣ "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።" በከተማችን እንግዳ መጀመሪያ በቃኝ ሲል አይታመንም፤ ሹሙ ባያደርገው ኖሮ ሌላ ሰው ያደርገው ነበር። ቃሬዛው እርጥብ አመድ ላይ ተጋደመ። ጠበቅን። እንግዳው አልነኩትም። ሹም አጥናፉ ቃሬዛውን መልሶ አወጣና አቅፎት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ልብሱ ጠቁሯል። "እውነታቸውን ነው" አለ። "ጠግበዋል።"

ትብለጥ ወደ ቤቷ ስትመለስ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። ጓንጉል ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

"ጆሮዬ ነው ወይስ ምንድን ነው? ሁሉ ነገር ጸጥ አለብኝ። ሞትኩ እንዴ?" አላት።

"አልሞትክም። እንግዳው በልተው ጨረሱ። ተጉመጠመጡ።"

"ሄዱ?"

"የት ይሄዳሉ? ጋደም ብለዋል" አለችና አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጓንጉል እጇን ያዘ። ከዋንዛዋ ቅጠል ሥር ጥቂት ነፋስ ነበር፤ ማንም ያልቀባው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ሹም አጥናፉ ሁለቱን ሰዎች አስከትሎ ተመልሶ መጣ። ሌሊቱን ማራገቢያ ስላልነበረ ከተማው እንቅልፍ አልተኛም፤ የሦስቱም ዓይን ቀልቷል። መጥረቢያዎቹ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደተቀመጡ ናቸው።

"ትብለጥ" አለ ሹሙ፣ "ትናንት ያደረግሽው ትክክል ነው፤ ማንም አይነቅፍሽም። ግን ሸንጎው ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ አንድ ነገር አነሣ። ቤትህ ያደረ እንግዳ ሲነጋ ቁርስ ይቀርብለታል።" ዋንዛዋን ቀና ብሎ አየ፤ ፊቱ ላይ እፍረት ነበረበት።

አንደኛው ሰው ጎንበስ ብሎ መጥረቢያውን አነሣ፤ ጓንጉል ከቁርበቱ ለመነሣት እጁን ተመረኮዘ። እኔ በልቤ አበቃ አልኩ።

"ነቅተዋል?" አለች ትብለጥ።

"እነማን?"

"እንግዳው። ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል?"

ሹም አጥናፉ አሰበ። "አልነቁም። እሳት አስነሥተን ልንቀሰቅሳቸው ነው እንጂ።"

"እንግዳ ትቀሰቅሳላችሁ?" አለች። እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብላ ነው ያወጣችው። "ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሳይተኙ ሲበሉ ኖረው፣ ትናንት ገና ጋደም ያሉትን ሰው፣ ቁርስ ይብሉ ብላችሁ ትቀሰቅሳላችሁ? ከየት ያመጣችሁት ባህል ነው?"

ሹም አጥናፉ በድንጋጤ አፉን በእጁ ያዘ። ሰውየው መጥረቢያውን ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ሦስቱም በጥፍራቸው ቆመው፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ፣ ከግቢው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚነጋገረው። አደባባዩን የሚያቋርጥ ጫማውን ያወልቃል። አጥናፉ የእንቅልፍ ሹም ተብሏል፤ በየዓመቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ "ገና ናቸው" ይላል። አያ ቢተው ማንኮራፋታቸውን ያደምጣል። ሙቀቱ ጨርሶ አልለቀቀንም፤ ዳመናው አሁንም ይመጣና ይሄዳል፣ ብቻ እንደ በፊቱ አይቸኩልም። እኔ ሥራ ስለፈታሁ የዋንዛ ፍሬ እየለቀምኩ እተክላለሁ፤ የምቆፍረው በቀስታ ነው። ከተማው ውስጥ ጮክ ያለ ነገር ቢኖር የጓንጉል ሳል ብቻ ነው። ሸንጎው ሰው ልኮ ትንሽ ቀስ ብሎ እንዲያስል ለምኖታል፤ ጓንጉልም እሞክራለሁ ብሏል።

ሰው ሁሉ ግን አልረሳም። በጣም በሚሞቅ ቀን አንዳንዱ ሽማግሌ በእኛ ሰፈር ሲያልፍ "ተኝተውም ቢሆን ይርባቸው ይሆን?" እያለ በሹክሹክታ ሲያወራ፣ ዓይኑም ከዋንዛዋ ላይ ሲቆይ አያለሁ። ትብለጥም ታያለች።

ስለዚህ ሥራዋን አልለቀቀችም። በየጠዋቱ ከጉድጓዱ ቀድታ፣ ማንቆርቆሪያዋን ጢም አድርጋ ሞልታ፣ ፎጣ ደርባ፣ ከእንግዳው አፍ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ሳምንት ሹም አጥናፉ ጫማውን በእጁ ይዞ ቀረበና "ይሄስ ለምንድን ነው?" ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት።

"ድንገት ከነቁ" አለችው፣ "ፊታቸውን ይታጠባሉ።"